ተጠየቅ፤ ከዋርካ ሥር እስከ ምክር ቤት አዳራሽ

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ተርተዋል። ይህ ተረት ሁለት ነገር ያስረዳናል። አንደኛው፤ በቀድሞው ዘመን የበላዩን ሹም «ይህን ለምን አደረግህ?» ብሎ መጠየቅ ሰማይን በሞፈር ከማረስ የማይሻል ከንቱ ድካም መስሎ ይታይ እንደ ነበር ነው። ሁለተኛው ደግሞ፤ ሕዝቡ ነገሩን ተረት አድርጎ መያዙ ራሱ ጥያቄው በልቡ እንደ ነበረ የሚገልጽ ነው፤ ሰው ጨርሶ ያላሰበውን ነገር አይተርትበትምና።

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፤ ለመታሰቢያው መጽሔት ስለ ምን እንጻፍ ብለን በታሪክ ክበባችን በተመካከርን ጊዜ፤ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ጁገል ግንብና ስለ በሮቹ፥ ሌሎቹ ስለ ሐረር ቡና እንዲጻፍ ፈልገው ነበር። ስለ እነዚህ ግን ከእኛ የበለጡ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። ስለዚህ እኛ የመረጥነው ነገር፤ የሕዝብ እንደራሴዎች የመንግሥትን ሚኒስትሮች ስለ ሥራቸው የሚጠይቁት እንዴት ነው? ይህስ ሥልጣን ከየት ተነሥቶ ከየት ደረሰ? የሚል ነው። ይህን እንድንመርጥ ያደረገን አንድ ትንሽ ነገር በክፍላችን ውስጥ ስለ ደረሰ ነው፤ እርሱንም በስተመጨረሻው እንገልጻለን።

የጥንቱ ተጠየቅ

ጠይቆ መልስ መቀበል ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ ልማድ አይደለም። በቀድሞው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዋርካ ሥር ቆመው «ተጠየቅ!» «ልጠየቅ!» ይባባሉ ነበር። «በላ ልበልሃ» የተባለው የሙግት ሥርዓት ይኸው ነው። ተሟጋቹ ነጠላውን አደግድጎ፥ ዘንጉን ጨብጦ፥ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረደ ነገሩን ያስረዳል። ዳኛ በአቅራቢያው ባይገኝ መንገደኛው እንኳ ተይዞ እንዲዳኝ ይለመን ነበር። ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ልናስተውለው የሚገባን ዋናው ነገር፤ «ልጠየቅ» ብሎ ቃል የሰጠ ሰው መልስ ሳይሰጥ ዘወር ማለቱ ነውር መሆኑን ነው።

ሌሎቹም ወንድሞቻችን የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ በየ8 ዓመቱ «ጉሚ ጋዮ» የተባለ ታላቅ ጉባዔ ይሰበሰባል፤ በዚያም ሕጉ እንደገና ይታያል፤ መሪዎቹም ስለ ሥራቸው ይመዘናሉ። በከተማችን በሐረር ደግሞ የሐረሪ ሕዝብ በአፎቻ ይተባበራል። አፎቻ ጐረቤት ለሐዘንና ለሠርግ የሚረዳዳበት ማኅበር ነው። ገንዘቡን ያዋጣ ሰው ገንዘቡ የት እንደ ዋለ ለማወቅ መብት እንዳለው የሚማረው እንዲህ ካለው ማኅበር ይመስለናል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥያቄ አንድ ድንበር ነበረው። ጐረቤት ጐረቤቱን፥ አባል አባሉን ይጠይቃል፤ ከታች ያለው ሰው ከላይ ያለውን ሹም ግን በአቤቱታ እንጂ በጥያቄ አይቀርበውም። በአቤቱታና በጥያቄ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ሰፊ ነው። አቤቱታ የሚያቀርበው ሰው ይለምናል፤ መልስ ቢሰጠው ምሕረት ነው፤ ባይሰጠውም ሌላ መንገድ የለውም። ጥያቄ የሚያቀርበው ሰው ግን መልስ ለማግኘት መብት አለው። የምክር ቤታችንም ታሪክ፤ እኛ እንደ ተረዳነው፤ ከአቤቱታ ወደ ጥያቄ የሚወስደው ረዥም መንገድ ታሪክ ነው።

በፈቃድ መጠየቅ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. 9 ሚኒስትሮችን ሾሙ። አገራችን በዚህ ስም የሚጠሩ ሹማምንት ስታገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ነገር ግን ሚኒስትሮቹ ስለ ሥራቸው መልስ የሚሰጡት ለሾሟቸው ንጉሠ ነገሥት ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚጠይቃቸው ሸንጎ አልነበረም።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ. ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ይህን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ለሐረር ባዕድ አልነበሩም። በልጅነታቸው በሐረር በራስ መኰንን ቤት አድገው፥ ወደ መስኮብ አገር ሄደው ተምረው፥ ከተመለሱም በኋላ ጨርጨርን አስተዳድረው የአሰበ ተፈሪን ከተማ የመሠረቱ ሰው ናቸው። ረቂቁን ሲያዘጋጁም በ1889 እ. ኤ. አ. የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት በምሳሌነት ተመልክተዋል።

በዚህ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ አንደኛው የሕግ መወሰኛ፥ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይባላሉ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ የሕግ መምሪያው አባላት በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተደረገ። ስለ ሚኒስትሮች የተጻፈው አንቀጽ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። ምክር ቤቱ ሚኒስትርን መጥራት ቢያስፈልገው እንኳ አስቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት፤ ሚኒስትሩም በበኩሉ ያለ ፈቃድ ወደ ምክር ቤት ገብቶ መነጋገር አይችልም ነበር። በምሳሌነት በታየው በጃፓን ሕገ መንግሥት እንኳ ሚኒስትሮች በማናቸውም ጊዜ ወደ ምክር ቤቱ ገብተው መናገር ይችሉ ነበር። በእኛ አገር ግን በጠያቂውና በተጠያቂው መካከል በር ነበረ፤ የበሩም ቁልፍ በሦስተኛ እጅ ነበረ።

ይህን ያህል የጠበበ ነው ብለን ግን ልንንቀው አይገባም። ከሐረር፥ ከወለጋ፥ ከጐጃም የመጡ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ስለ አገር ሕግ ሲነጋገሩ፤ ይህ በራሱ አዲስ ነገር ነበር። በ1928 ዓ. ም. ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ይህ ምክር ቤት ተቋረጠ፤ ከነፃነት በኋላም እንደገና ሥራውን ጀመረ።

በአገር ውስጥ የሚጠየቅበት ቦታ ያጣ ሰው የት እንደሚሄድ ለማየት ከከተማችን ታሪክ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ስለ ቀድሞዎቹ የኢጣሊያ ቅኝ ግዛቶች የሚመረምር የአራቱ ኃያላን መንግሥታት ኮሚሽን በሞቃድሾ ተቀምጦ ነበር። በ1940 ዓ. ም. ከሐረር የሄዱ የሐረሪ ልዑካን የሕዝባቸውን ቅሬታ ይዘው ወደዚያ ሄዱ። ከዚህም የተነሣ በሐረር ብዙ ሰዎች ታሰሩ፤ ብዙ ቤተሰብም ተጐዳ። ይህን የምናነሣው ማን ትክክል እንደ ነበረ ለመፍረድ አይደለም። በአገሩ ሸንጎ ያልተሰማ ቅሬታ ድንበር ተሻግሮ ሰሚ እንደሚፈልግ ለማመልከት ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ቢያገኝ ኖሮ በረሃውን ለማቋረጥ ባልተነሣም ነበር።

ስለ ሕግ ብቻ መጠየቅ

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታወጀ። በዚህ ጊዜ ሁለት ታላላቅ ለውጦች መጡ። አንደኛው፤ የሕግ መምሪያው አባላት ዕድሜያቸው ለምርጫ በደረሰ ወንዶችና ሴቶች እንዲመረጡ ተወሰነ። የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ. ም. መጀመሪያ ላይ ተፈጸመ። በዚህም ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ሆኑ።

ሁለተኛው ለውጥ ለጽሑፋችን ይበልጥ የሚያስፈልገው ነው። ሚኒስትሮች በማናቸውም የምክር ቤት ስብሰባ ተገኝተው ለመናገር መብት አገኙ፤ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ በጠራቸው ጊዜ ደግሞ ራሳቸው ወይም ምክትሎቻቸው መጥተው በቃል ወይም በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ ግዴታ ተጣለባቸው። እነሆ በሩ ተከፈተ። ነገር ግን መልስ የመስጠቱ ግዴታ የተጻፈው ገና ሊወጣ ስላለው ሕግ ነበር። እንደራሴው «ይህ ረቂቅ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ «ባለፈው ዓመት በአውራጃዬ ስለ ተሠራው ሥራ መልስ ስጠኝ» ለማለት ግን ይህን የመሰለ ጽኑ መሠረት አልነበረውም። ሚኒስትሩንም የሚሾመውና የሚሽረው ንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ምክር ቤቱ አልነበረም።

ቢሆንም ብልህ ሰው ጠባብ በር ቢከፈትለት ይገባበታል። በጀት በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ይቀርብ ስለ ነበር፤ ስለ ገንዘብ በሚደረገው ክርክር ውስጥ የሥራው ነገር ሁሉ ይነሣ ነበር። ምክር ቤቱ በጀቱን በጊዜው ባያጸድቀው ያለፈው ዓመት በጀት ሥራውን ይቀጥላል ተብሎ ስለ ተደነገገ ግን፤ የእንደራሴዎቹ ክንድ ከዚህ በላይ አይረዝምም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ሳንሸሽግ መናገር አለብን። የሚጠይቅ ሁሉ ለሕዝብ ብሎ ይጠይቃል ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ ለመመረጥ በምርጫው አካባቢ ርስት ወይም ሌላ ንብረት ሊኖር ይገባ ነበር፤ ስለዚህም ከእንደራሴዎቹ ብዙዎቹ ባለ ርስቶች ነበሩ። በ1958 ዓ. ም. የመሬት ይዞታን ጉዳይ የሚመራ ሚኒስቴር ተቋቁሞ፤ የጭሰኛውንና የባለ ርስቱን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ጥያቄው በዛ፤ ክርክሩ ረዘመ፤ ረቂቁም ዓመታት ተቆጥረው ሕግ ሳይሆን ቀረ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅም በ1960 ዓ. ም. የወጣው ከብዙ ክርክርና ማሻሻያ በኋላ ነው። ጥያቄ ነገርን ለመግለጥ እንደሚያገለግል ሁሉ ነገርን ለማዘግየትም ያገለግላል። ስለዚህ አንድ እንደራሴ ሲጠይቅ በሰማን ጊዜ «ምን ጠየቀ?» ብቻ ሳይሆን «ስለ ማን ብሎ ጠየቀ?» ማለት ይገባናል።

የዝምታው ዘመን

በ1965 እና በ1966 ዓ. ም. በወሎ ታላቅ ረሃብ ሆነ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም አለቀ። በወቅቱ በቂ እርዳታ አለመድረሱና ነገሩ ተሸፍኖ መቆየቱ በሕዝቡ ዘንድ ከፍ ያለ ቁጣ አስነሣ። የካቲት 1966 ዓ. ም. የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ዓመት የቀድሞዎቹን ባለሥልጣኖች ሥራ የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምክር ቤት ተጠያቂ የሚያደርግ አዲስ የሕገ መንግሥት ረቂቅም ተዘጋጀ። ረቂቁ ግን ከወረቀት አላለፈም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ምክር ቤቱም ተበተነ።

ከዚያ በኋላ ለ13 ዓመታት ያህል አገሪቱ በምክር ቤት ሳይሆን በአዋጅና በመመሪያ ተዳደረች። በ1979 ዓ. ም. ምርጫ ተደርጎ 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ቢቋቋምም፤ ከአንድ ፓርቲ በቀር ሌላ ፓርቲ ስላልነበረ፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም ከአንድ ቤት የወጡ ነበሩ። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እኛ ግን ከዚህ ዘመን ታሪክ የምንማረው፤ የአገር ዝምታ ሲነቅዝ ዋጋው ከባድ መሆኑን ነው።

ስለ ሥራ መጠየቅ

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ. ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕገ መንግሥት የጥያቄው መብት ከቀድሞዎቹ ሁለቱ እጅግ ሰፋ። በአንቀጽ 55 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አካል አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ደግሞ ለአስፈጻሚው አካል በተሰጠ በማናቸውም ጉዳይ ላይ ይወያያል፤ አስፈላጊ መስሎ የታየውንም እርምጃ ይወስዳል። በአንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለዚሁ ምክር ቤት ነው። በአንቀጽ 54 ደግሞ ተወካዩ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፥ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑ፤ በምክር ቤቱ ውስጥ ስለ ሰጠው ድምፅ ወይም ስለ ተናገረው አስተያየትም እንደማይከሰስ ተጽፏል።

እንግዲህ ሦስቱን ሕገ መንግሥቶች ጐን ለጐን አድርገን ብንመለከታቸው መንገዱ ግልጽ ነው። በ1923 በፈቃድ መጠየቅ፤ በ1948 ስለሚወጣው ሕግ መጠየቅ፤ በ1987 ስለ ሥራው ሁሉ መጠየቅ።

ሥራው የሚካሄደውም እንዲህ ነው። ምክር ቤቱ በየዓመቱ በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራውን ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ቀን ይሠራል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በየጊዜው ስለ መንግሥት ሥራ ሪፖርት ያቀርባል፤ አባላቱም ይጠይቃሉ። ሚኒስትሮቹ ደግሞ ሥራቸውን ለሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ያስረዳሉ። ዋናው ኦዲተርም የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ብዙ ሰው የሚያየው በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን የጠቅላይ ሚኒስትሩን ቀን ነው፤ ጠንካራው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ወረቀት በተከመረበት የኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው። የኦዲተሩን ሪፖርት ገጽ በገጽ ያነበበ አባል በአዳራሹ ካጨበጨበው ሁሉ ይልቅ ሹሙን ያስጨንቀዋል።

ከ547ቱ መቀመጫዎች የሐረሪ ክልል ድርሻ 2 ብቻ ነው። በከተማችንም የክልሉ ምክር ቤት አለ፤ እርሱም የሕዝብ ተወካዮች ጉባዔ 22፥ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባዔ 14፥ በድምሩ 36 መቀመጫዎች አሉት። የክልሉ ቢሮ ኃላፊዎች መልስ የሚሰጡት ለዚህ ምክር ቤት ነው። 2 መቀመጫ ጥቂት ነው የሚል ቢኖር፤ አንድም ሰው ምን ያህል ሊጠይቅ እንደሚችል ያስታውስ። በ2002 ዓ. ም. ምርጫ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች ወደ ምክር ቤት የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ፤ አምስት ዓመትም ብቻቸውን ጠየቁ። ከዚያ በፊት በነበረው ምክር ቤት ደግሞ አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ነበሩ። እኒህ ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የገንዘብ ምክትል ሚኒስትር ሆነው የሠሩ ስለ ሆኑ፤ የሹሙንም ወንበር የጠያቂውንም ወንበር ያውቁ ነበር።

የጨለንቆ ጥያቄ

በ2007 ዓ. ም. ምርጫ 547ቱም መቀመጫዎች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ። ይህን ያየ ሰው ጥያቄ ከእንግዲህ ሞተ ሊል ይችል ነበር። ነገር ግን በ2010 ዓ. ም. ከእኛ አገር አጠገብ የተነሣ ነገር ይህን ግምት አፈረሰው።

በዚያ ዓመት በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቀለ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በሐረር አጠገብ በሐማሬሳ ተጠለሉ። በዕድሜ ከእኛ የሚበልጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሐማሬሳ ያዩትን የሸራ ድንኳን ዛሬም ያስታውሳሉ። በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ደግሞ በምሥራቅ ሐረርጌ በጨለንቆ ከ10 የሚበልጡ ሰዎች በወታደሮች ጥይት ተገደሉ። ጨለንቆ ማለት በ1879 ዓ. ም. በዳግማዊ ምኒልክና በአሚር አብዱላሂ ጦር መካከል ውጊያ የተደረገበት፥ የሐረርም ዕድል የተወሰነበት ስፍራ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ከኦሕዴድና ከብአዴን የተመረጡ ብዙ የምክር ቤት አባላት «ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጥተው ስለ አገሪቱ ሁኔታ ያስረዱን» ብለው በመደበኛው ስብሰባ አለመገኘታቸው። እነዚህ ሰዎች ተቃዋሚዎች አልነበሩም፤ የገዢው ግንባር አባላት ነበሩ። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ. ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለድምፅ በቀረበ ጊዜም 88 አባላት ተቃወሙ። አዋጁ ጸደቀ፤ ሆኖም በአዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። ኅሊና የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ተጽፎ ለ23 ዓመት ከቆየ በኋላ እጁን አወጣ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛ ክፍል አለበት። በሐማሬሳ ድንኳን ውስጥ የነበሩ እናቶች አዲስ አበባ ሄደው ሚኒስትር ሊጠይቁ አይችሉም ነበር። ስለ እነርሱ የሚጠይቅላቸው ተወካይ ከሌለ፤ የነበራቸው አቤቱታ ብቻ ነው።

ከሌላው ዓለም

በእንግሊዝ አገር በምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቁ የተመዘገበው በ1721 እ. ኤ. አ. ሲሆን፤ ጥያቄውም ከአገር ስለ ኰበለለ የአንድ ኩባንያ ገንዘብ ያዥ ነበር። ዛሬ በዚያ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤቱ የሥራ ወራት ረቡዕ ረቡዕ ለግማሽ ሰዓት ይጠየቃል።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የህንድ ምሳሌ ነው። በ1957 እ. ኤ. አ. ፌሮዝ ጋንዲ የተባሉ እንደራሴ፤ የመንግሥት የሕይወት መድን ድርጅት የሕዝብን ገንዘብ ሙንድራ በሚባል ነጋዴ ኩባንያዎች ላይ ለምን እንዳዋለ ጠየቁ። እንደራሴው የገዢው ፓርቲ አባል፥ በዚያም ላይ የጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ አማች ነበሩ። መልሱ አላረካም፤ ስለዚህ ደግመው ጠየቁ፤ ነገሩ በዳኛ ተመረመረ፤ በ1958 እ. ኤ. አ. የገንዘብ ሚኒስትሩ ሥራቸውን ለቀቁ። ዝምድናም ፓርቲም ጥያቄውን አላስቆመውም።

በክፍላችን የሆነው

አሁን በመጀመሪያ ላይ ወደ ጠቀስነው ነገር እንመለስ። ባለፈው ዓመት ክበባችን በክፍል ውስጥ ትንሽ ምክር ቤት አቋቁሞ ነበር። ከመካከላችን አንዱ አፈ ጉባዔ፥ አንዱ የውሃ ሚኒስትር፥ የቀረነው ተወካዮች ሆንን። ውሃን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐረር ለብዙ ዘመን ውሃዋን ታገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ውሃው ለከተማና ለመስኖ ሲሳብ፥ አፈርም ከየኮረብታው እየታጠበ ሲሞላው፤ ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ወላጆቻችን ከብት በሐይቁ ወለል ላይ ሲሰማራ አይተዋል። ከዚያም በኋላ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች በረዥም ቧንቧ ዳገቱን ወጥቶ እንዲመጣ ተደረገ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሐይቁ ውሃ ተመልሶ ቢታይም፤ ጀሪካን ተሸክሞ ወረፋ መጠበቅ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ልጅ በክፍላችን የለም።

የመጀመሪያው ተወካይ ተነሥቶ እንዲህ አለ። «ክቡር ሚኒስትር ሆይ፤ ስለሚያደርጉት ከፍ ያለ ጥረት እያመሰገንሁ፤ ስለ ውሃ ምን እየተሠራ እንደ ሆነ ቢገልጹልን።» ሚኒስትሩም «ብዙ እየተሠራ ነው፤ ወደ ፊትም ይሠራል» ብሎ ተቀመጠ። ሁላችንም አጨበጨብን። ሁለተኛውና ሦስተኛውም ይህንኑ በሌላ ቃል ጠየቁ፤ ተመሳሳይ መልስ ተሰጣቸው፤ ጭብጨባውም ቀጠለ።

በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንዲት እኅታችን ተነሣች። እርስዋ ጧት ጧት ወደ ትምህርት ቤት ከመምጣትዋ በፊት ውሃ የምትቀዳ ናት። «በሠፈሬ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ብላ ጠየቀች። ሚኒስትሩ «በፈረቃ ነው» አለ። «ስንት ቀን?» አለች። «እንደ ሁኔታው ነው» አለ። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን መጣ?» አለች። ሚኒስትሩ ወረቀቱን አገላብጦ «አጣርቼ እመለሳለሁ» አለ። እርስዋም ሳትቀመጥ «መቼ?» አለች።

በዚህ ጊዜ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። ሚኒስትር የሆነው ወንድማችን ከጊዜው በኋላ እንደ ነገረን፤ ቀሚስ ለብሳ የቆመችው የክፍል ጓደኛው መሆንዋን እያወቀ እንኳ በእውነት ላቡ መጥቶ ነበር። እኛም ስለ ሦስቱ ሕገ መንግሥቶች ብዙ ካነበብን በኋላ የተረዳነው ነገር ያን ቀን ከሰማነው ከዚህ አንድ ቃል አይበልጥም።

የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ማንም የሚያቀርበው ነው፤ ሹሙም መልሱን አዘጋጅቶለት ይመጣል። የሕዝብን ጉዳይ የሚያወጣው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም መልሱን አዳምጦ ጉድለቱን የሚያሳየው። ሁለተኛውን ለመጠየቅ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የማያውቅ ሰው መልሱ ይሙላ ይጉደል አይለይምና። ያለ ፍርሃት መቆም ያስፈልጋል፤ ለዚህም የተወካዩ ነፃነት በሕግ የተጻፈውን ያህል በሥራ መከበር አለበት። ደግሞም መራጩ ሕዝብ ተወካዩን «ጠይቀህልን ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልገዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መራጮች በተወካያቸው ላይ እምነት ባጡ ጊዜ ከቦታው ሊያነሡት እንደሚችሉ ተጽፏል። እንግዲህ ጠያቂውም ተጠያቂ ነው።

መደምደሚያ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን። ይህ ተረት ሊቆይ የቻለው ሹሙ በሹመቱ ሳለ የሚጠይቀው ስለ ጠፋ ነው። ከተሻረ በኋላ መጠየቅ ቂምን እንጂ ሥራን አያቃናም፤ በሥራው ላይ ሳለ የተጠየቀ ሹም ግን ገንዘቡን ያድናል፤ ስሙንም ያድናል፤ ሕዝቡንም ያድናል። ስለዚህ ጥያቄ የሹም ጠላት አይደለም።

ከዚህ ትምህርት ቤት በፊታችን የወጡ ብዙዎች ናቸው፤ ከእኛም በኋላ ብዙዎች ይወጣሉ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ በጠያቂው ወንበር፥ አንዳንዱም በተጠያቂው ወንበር ይቀመጥ ይሆናል። ለጠያቂው የምንመኝለት፤ የእኅታችንን «መቼ?» እንዳይረሳ ነው። ለተጠያቂው የምንመኝለት፤ አባቶቹ በዋርካ ሥር እንዳሉት «ልጠየቅ» ብሎ በቀና ልብ እንዲቆም ነው። ለቀረነው ደግሞ፤ መልስ ሳይሰጥ ያለፈውን ሁሉ በማጨብጨብ እንዳናሳልፈው እግዚአብሔር ይርዳን።

ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ፥ ለመምህራኖቻችን ጤና እንመኛለን።